የቲታኒየም ብሎን ለብስክሌት፦ ግራሙን ትታችሁ ደረጃውን ጠይቁ

ብስክሌታቸውን ማቅለል የሚወዱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚደርሱት ብሎኖቹ ጋ ነው። ጎማው ተቀይሯል። ኮርቻው ተቀይሯል። ቸርኬው ካርቦን ሆኗል። የቀረው ጥቃቅኑ ነገር ነው። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ወርቃማ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ የቲታኒየም ብሎን በየገጹ ተደርድሯል። ማስታወቂያው ሁሌም ተመሳሳይ ነው፦ ክብደቱ የብረት ግማሽ፣ ጥንካሬው እንደ ብረት።

አባባሉ ውሸት ነው ማለት አይቻልም። ግን የጎደለ እውነት ነው። ብሎኑ የውሃ ኮዳ መያዣ ላይ የሚገባ ከሆነ ብዙም አያሳስብም። መሪን ወይም ፍሬንን የሚይዝ ብሎን ሲሆን ግን የጎደለችው ነገር ሰው ልትጥል ትችላለች። ስለዚህ ጉዳዩን ረጋ ብለን እንየው። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ የቲታኒየም ብሎን ጥሩ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚገዛበት ምክንያት ግን ትክክለኛው አይደለም። መጠየቅ ያለበትንም ጥያቄ ሳይጠይቅ ይገዛዋል።

ከክብደቱ እንጀምር። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብረት 7.85 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለብሎን የሚውለው የቲታኒየም ቅይጥ ደግሞ 4.43 ግራም ነው። ልዩነቱ 44 በመቶ ነው። ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ የተለመደ የብረት ብሎን 4 ግራም ከምናምን ይመዝናል። ያው መጠን በቲታኒየም 2 ግራም ተኩል አይሞላም። ትርፉ በአንድ ብሎን ሁለት ግራም ቢሆን ነው። ከዚያ ያጠሩት ብሎኖች ላይ ደግሞ አንድ ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል።

እስቲ በብስክሌቱ ላይ ያሉ 30 ብሎኖች ሁሉ ተቀየሩ እንበል። በአማካይ እያንዳንዱ 1.5 ግራም ቢቀንስ ጠቅላላው 45 ግራም ነው። ጋላቢውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 80 ኪሎ ይመዝናሉ ብለን እናስላ። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ፣ ሙሉ ጉልበቱ ከስበት ጋር ለሚደረግ ትግል ብቻ ይውላል ብንል እንኳ፣ አንድ ሰዓት በሚፈጅ አቀበት የሚተርፈው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ነው። 45 ግራም ሁለት ጉንጭ ውሃ ማለት ነው። ዳገቱ ሥር ኮዳውን ትንሽ ያጎደለ ሰው ያንኑ ትርፍ በነፃ አገኘ።

"የሚሽከረከር ክብደት ግን ሌላ ነው" የሚል ክርክር አለ። የዲስክ ፍሬን ብሎኖችን ለመሸጥ ደጋግሞ ይነሳል። መርሁ ልክ ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን አይሠራም። በስድስት ብሎን የሚታሰረው ዲስክ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 44 ሚሊ ሜትር ነው። ብሎኖቹ ከጎማው መሐል 22 ሚሊ ሜትር ብቻ ይርቃሉ ማለት ነው። ቸርኬው ደግሞ 310 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይርቃል። የሚሽከረከር ነገርን ለማፍጠን የሚጠይቀው ጉልበት በርቀቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ዲስኩ ላይ የተቀነሰች አንድ ግራም፣ በመሽከርከር በኩል ያላት ዋጋ ቸርኬው ላይ ከተቀነሰች አንድ ግራም 1/200ኛ ያህል ነው። እንደ ማንኛውም የቆመ ክብደት ቆጥራችሁ እለፏት።

ግራም መቁጠር አዲስ ነገር አይደለም። ቤልጂየማዊው ጋላቢ ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ሲጋልብ ብስክሌቱ 6 ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። ሰንሰለቱ ሳይቀር ተበሳስቶ ቀልሏል። ያ ግን ለአንድ ሰዓት፣ ለአንድ ሰው፣ ለስላሳ የውድድር ሜዳ ላይ የተሠራ ዕቃ ነው። ዛሬ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በውድድር ላይ ከ6.8 ኪሎ የቀለለ ብስክሌት አይፈቅድም። ለብዙ ተወዳዳሪዎች ደግሞ ወደዚያ ወሰን ለመድረስ ቀላሉ መንገድ ብሎን መቀየር አይደለም። ለዳገት ውድድር ብቻ ብስክሌት የሚያዘጋጁ ሰዎች አሉ፤ እነሱ እያንዳንዷን ግራም ሲያሳድዱ ይገባኛል። ለሌሎቻችን ግን ክብደቱን እንደ ምክንያት መተው ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጥንካሬው እንምጣ።

"ቲታኒየም" ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ብስክሌት ላይ የምናገኛቸው በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ግሬድ (ደረጃ) 5 ይባላል። 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም የተቀየጠበት ነው። አውሮፕላን ላይና በቀዶ ሕክምና ሰው አጥንት ውስጥ የሚገባውም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው ግሬድ 2 ነው። ይህ ንጹሕ ሊባል የሚችል ቲታኒየም ነው። ዝገትን በደንብ ይቋቋማል፤ ለኬሚካል ቧንቧ ግሩም ነው። ጥንካሬው ግን ከግሬድ 5 ጋር አይወዳደርም።

ምን ያህል ይለያያሉ? ብሎን ሲጠብቅ ይለጠጣል። እስከ አንድ ወሰን ድረስ ሲፈታ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከዚያ ካለፈ ተለጥጦ ይቀራል። ይህ ወሰን ለግሬድ 5 ከ830 ሜጋፓስካል (በስፋት ላይ የተካፈለ ኃይል መለኪያ) በላይ ነው። ለግሬድ 2 ግን 275 አካባቢ ነው። ለንጽጽር፣ 8.8 የሚል የተጻፈበት የብረት ብሎን 640 ይደርሳል። 12.9 የተጻፈበት ጥቁሩ ብሎን ወደ 1,080 ይጠጋል። ኤ2-70 የሚባለው የተለመደው የማይዝግ ብረት ደግሞ 450 ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ብቻቸውን ምንም አይሉም። ስለዚህ አንድ ብሎን እናጥብቅ። የመሪ አንገት (መሪውን የሚይዘው ክፍል) ላይ ያሉ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ብዙውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። በተለመደው የምህንድስና ግምት፣ ደረቅ ብሎን በዚህ ቶርክ (በኒውተን ሜትር የሚለካው የማጥበቂያ ጉልበት) 5,000 ኒውተን ያህል ውጥረት ይፈጥራል። ግማሽ ቶን ማለት ነው፤ በዚያች ቀጭን ብሎን! ይህ ኃይል የብሎኑ ጥርስ ላይ ሲካፈል 350 ሜጋፓስካል ገደማ ይሆናል። ግሪስ ከተቀባ ደግሞ ሰበቃው ስለሚቀንስ ያው 5 ኒውተን ሜትር ወደ 470 ሜጋፓስካል ሊያደርሰው ይችላል።

አሁን መልሳችሁ አስተያዩት። ግሬድ 5 በ470 ላይ ሆኖ ገና ብዙ አቅም ይቀረዋል። ከ8.8 ብረትም ይሻላል። ኤ2-70 በግሪስ ወሰኑን ያልፋል። 12.9 ምንም አይመስለውም። ግሬድ 2 ግን ደረቁን ሳይቀር አልቻለም፤ ገና ሲጠብቅ ተለጥጦ ቀረ። ሁለቱም ብሎኖች "ቲታኒየም" ናቸው። ሁለቱም ቀለማቸው ያምራል። በዓይን አይለዩም።

ለዚህ ነው "ቲታኒየም ይበጠሳል ወይ?" የሚለው ጥያቄ መልስ የማይገኝለት። "የትኛው ግሬድ፣ እንዴት የተሠራ፣ የትኛውን ብሎን ተክቶ?" ብለን መጠየቅ አለብን። ኤ2-70 በነበረበት ቦታ ጥሩ ግሬድ 5 ማስገባት ጥንካሬ መጨመር ነው። 12.9 በነበረበት ቦታ ማስገባት ግን ጥንካሬ መቀነስ ነው። የመሪ አንገት የሚሠሩ ድርጅቶች ደግሞ ብዙዎቹ ጥቁሩን ጠንካራ ብረት የሚመርጡት በአጋጣሚ አይደለም። የብስክሌት ደህንነት መለኪያ የሆነው አይኤስኦ 4210 መሪውንና አንገቱን 100,000 ጊዜ እየጫነ እየለቀቀ እንዲፈተኑ ያደርጋል። ያ ፈተና የተደረገው ዕቃው ይዞት በመጣው ብሎን ነው። ብሎኑን የቀየረ ሰው ያልተፈተነ ነገር ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ሊሠራ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ኃላፊነቱ ግን ከፋብሪካው ወደ እሱ ተሻግሯል።

የአሠራሩ ነገር ከግሬዱ እኩል ያስጨንቃል። የብሎን ጥርስ በሁለት መንገድ ይወጣል። አንዱ ቶርኖ ላይ እየተቆረጠ ነው። ሌላው በሁለት ጠንካራ ሻጋታዎች መሐል እየተንከባለለና እየተጫነ ነው። ተጭኖ የወጣው ጥርስ ሥሩ የታመቀ ስለሆነ ስንጥቅ በቀላሉ አይጀምርበትም። ተቆርጦ የወጣው ሥሩ ላይ ጥቃቅን ጭረት ይቀራል። ቲታኒየም ደግሞ ጭረትና ስለታም ጥግ አይወድም፤ ብረት የማይበጠስበት ጭነት ላይ በጭረት ምክንያት ሊደክምና ሊሰነጠቅ ይችላል። የብሎኑ ራስ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታም እንዲሁ ነው። እዚያ ለስላሳ ማጠፊያ ሊኖረው ይገባል። ጥርት ያለ ቀኝ ማዕዘን ካያችሁ ያንን ብሎን መሪ ላይ አታስገቡት።

አንድ ብዙ የማይነገርለት ጥሩ ጎን አለው፤ እሱንም መናገር ተገቢ ነው። ቲታኒየም ከብረት ይልቅ በቀላሉ ይለጠጣል። ለዚያው ውጥረት የሚለጠጠው መጠን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ይህ ድክመት ይመስላል፤ ለብሎን ግን ብዙ ጊዜ ጥቅም ነው። ብሎን ከጠበቀ በኋላ የሚይዘው ዕቃ ትንሽ ይረጋል። ቀለሙ ይጫናል፣ የሻካራው ገጽ ይስተካከላል። በዚያች ቅጽበት ብሎኑ የተለጠጠበትን ትንሽ ያጣል። ብዙ የተለጠጠ ብሎን ትንሽ ቢያጣ የሚቀረው ብዙ ነው። ትንሽ ብቻ የተለጠጠ ብሎን ግን ያችኑ ያህል ሲያጣ አብዛኛው ውጥረቱ ይሄዳል። ስለዚህ በትክክል የጠበቀ የቲታኒየም ብሎን የያዘውን በቀላሉ አይለቅም።

"በትክክል የጠበቀ" የሚለው ላይ ግን እንቁም። ችግሩ ያለው እዚያ ነው።

ቲታኒየም ሲታሽ ይነካከሳል። ገጹን የሚሸፍነው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ሲፋቅ፣ ሥር ያለው ብረት ከገጠመው ብረት ጋር ይጣበቃል። የከፋው ቲታኒየም ከቲታኒየም ጋር ሲገጥም ነው። የቲታኒየም ፍሬም ያላቸው ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ያለ ቅባት የገባ ብሎን ሲወጣ የፍሬሙን ጥርስ ይዞ ሊወጣ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁልጊዜ ግሪስ፣ ቢቻል ደግሞ መጣበቅን የሚከላከለው ልዩ ቅባት ጥርሱም ላይ፣ ከራሱ ሥርም ይቀባ። ከዚያ ቀስ ብሎ በእጅ ማስገባት ነው። በእጅ የማይገባ ከሆነ ተሳስቷልና ማውጣት። በቁልፍ አስገድዶ ማስገባት አይገባም።

ቅባት ሲገባ ግን ቶርኩ ይለወጣል። ብሎን ስናጠብቅ ከምናወጣው ጉልበት ወደ 90 በመቶ የሚሆነው በሰበቃ ይጠፋል። ግማሽ ያህሉ ከራሱ ሥር፣ የቀረው ጥርሱ ላይ። ብሎኑን የሚለጥጠው የተረፈው አሥር በመቶ ነው። ሰበቃው ትንሽ ሲቀንስ ይህ የተረፈው በብዙ ያድጋል። ለደረቅ ብሎን የተጻፈ ቁጥር በቅባት ከተከተሉት ብሎኑን ብቻ ሳይሆን የካርቦን መሪንም ሊጎዳ ይችላል። መጀመሪያ ዕቃውን የሠራው ድርጅት ቁጥሩን በቅባት ነው ወይስ በደረቁ የሰጠው? ይህን ሳያዩ መጀመር የለም። የቶርክ ቁልፍ የሌለው ሰው ደግሞ በቲታኒየም ብሎን ላይ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ቁልፉን ይግዛ። ይህን ስል ከልቤ ነው። በእጅ ስሜት 5 ኒውተን ሜትርን ከ8 መለየት የሚችል ሰው ጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ ትክክለኛው የመግዣ ምክንያት ላይ ደረስን። ቲታኒየም አይዝግም። በዝናብ፣ በጭቃ፣ በጨው፣ በላብ አይዝግም። ላብ ጨው ነው። ቤት ውስጥ በቆመ ብስክሌት የሚለማመድ ሰው መሪው ላይ በየቀኑ የጨው ውሃ ያንጠባጥባል፤ የሚያደርቀው ነፋስም የለም። የመሪ አንገት ላይ ያለው ጥቁር ብረት ብሎን በዚህ ሁኔታ ራሱ ላይ ዝጎ፣ የቁልፍ ቀዳዳው ተበልቶ፣ መጨረሻ ላይ አልፈታ ይላል። ያኔ ራሱን በመሰርሰሪያ መብሳት ይመጣል። የቲታኒየሙ ራስ ከዓመታት በኋላም ቁልፉን በንጽሕና ይቀበላል። በባሕር ዳርቻ የሚጋልብ፣ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ የማይተወው፣ ወይም ብዙ የሚያልበው ሰው ካለ እሱ ምክንያት አለው። ከሁለት ሰከንዱ በጣም የሚበልጥ ምክንያት ነው።

እዚህም ላይ ጥንቃቄ አለ። ብሎኑ አይዝግም ማለት የገባበት ነገር አይበላም ማለት አይደለም። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨው ውሃ ሲገናኙ ደካማው ይበላል። ቲታኒየምና አሉሚኒየም ሲገናኙ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። የመሪ አንገቶች ደግሞ አብዛኞቹ አሉሚኒየም ናቸው። እንግዲህ ቅባቱ ሁለተኛ ሥራ አለው፤ ውሃው በሁለቱ መሐል እንዳይገባ ይከለክላል። ከካርቦን ጋር ግን ቲታኒየም በደንብ ይስማማል። ካርቦን አሉሚኒየምን ይበላል፣ ቲታኒየምን አይነካም። ካርቦን በበዛበት ብስክሌት ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እና የት እናስገባው? የኮዳ መያዣ፣ የኬብል መያዣ፣ የማርሽ መቀየሪያ ማሰሪያ፦ ያለ ሐሳብ። እዚህ ግሬድ 2 ቢሆን እንኳ ትልቅ አደጋ የለም። የኮዳ መያዣ ላይ አሉሚኒየም ብሎንም ይሠራል፤ ይበልጥ የቀለለ፣ ይበልጥ የረከሰ ነው። ዲስክ ላይ ከታወቀ አምራች የመጣ ግሬድ 5 ይሆናል። ፍሬኑን ከፍሬሙ ጋር የሚያስረውም እንዲሁ፤ ርዝመቱ ግን በትክክል ከዋናው እኩል መሆን አለበት። ያጠረ ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ በቂ ጥርስ አይዝም። አሉሚኒየም ውስጥ የሚገባ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ብሎን ቢያንስ 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ጥርስ ቢይዝ ደስ ይላል። የመሪ አንገት ላይ የእኔ ሐሳብ ጥብቅ ነው። የአንገቱ አምራች ራሱ በቲታኒየም የሚሸጠው ወይም የሚፈቅደው ከሆነ አስገቡ። ካልሆነ የነበረው ይቆይ። ዝገት ካስቸገረ በየጊዜው ግሪስ እየቀቡ መቀየር ይቻላል፤ አዲስ የብረት ብሎን ርካሽ ነው።

የፔዳል ክንድ የሚያስረው ትልቁ ብሎንስ? በአራት ማዕዘን ዘንግ ላይ የሚገባው አሮጌው ዓይነት 40 ኒውተን ሜትር ድረስ ይጠብቃል። በ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ላይ፣ በቅባት፣ ይህ ወደ 900 ሜጋፓስካል ያደርሰዋል። ግሬድ 5 እዚያ ወሰኑ ላይ ወይም ከወሰኑ ማዶ ነው። አንዳንድ መካኒኮች ክንዱን በብረት ብሎን አጥብቀው ከገፉት በኋላ ያንን አውጥተው ቲታኒየሙን በቀለለ ቶርክ ያስገባሉ። የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ለጥቂት ግራም ግን ብዙ ልፋት ይመስለኛል። የፔዳል ዘንግ በቲታኒየም የሚሠሩ ድርጅቶችም ብዙውን ጊዜ የጋላቢውን ክብደት ይገድባሉ። ያ ገደብ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም፤ ከባድ ሰው ሊያከብረው ይገባል።

ስትገዙ ሻጩ ግሬዱን በግልጽ ካልጻፈ እለፉት። "ቲታኒየም ቅይጥ" የሚል ብቻውን መልስ አይደለም። ጥርሱ ተጭኖ የወጣ መሆኑን መጻፉን እዩ። ቀለሙ ስለ ጥንካሬው ምንም አይነግራችሁም። የቲታኒየም ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም ብዙውን ጊዜ በኤሌክትሪክ የኦክሳይድ ሽፋኑን በማወፈር የሚመጣ ነው፤ የቮልቴጁ መጠን ቀለሙን ይወስናል። ደካማው ግሬድም ያንኑ ቀለም ይይዛል።

ማግኔት የሚይዘው ከሆነ ቲታኒየም አይደለም። ማግኔት አልያዘውም ማለት ግን ቲታኒየም ነው ማለት አይደለም፤ አሉሚኒየምም፣ አንዳንዱ የማይዝግ ብረትም አይያዝም። ትንሽ የኪችን ሚዛን ካላችሁ አሥሩን አንድ ላይ መዝኑና ተመሳሳይ መጠን ካላቸው የብረት ብሎኖች ጋር አስተያዩ። ከግማሽ ትንሽ ከፍ ካለ፣ 56 በመቶ አካባቢ፣ ቲታኒየም ነው። 36 በመቶ አካባቢ ከሆነ አሉሚኒየም ሸጠውላችኋል፤ ያንን መሪ ላይ ማስገባት አይታሰብም። ግሬድ 2ን ከግሬድ 5 ግን ሚዛንም አይለይም፣ ክብደታቸው ለጥቂት ነው የሚለያየው። እዚያ ላይ ያላችሁ ማስረጃ የሻጩ ታማኝነት ብቻ ነው። ስለዚህ መሪና ፍሬን የሚይዙትን፣ ስሙን አስይዞ ከሚሸጥና ጥያቄ ከሚመልስ አምራች ግዙ። ለኮዳ መያዣው ከፈለጋችሁት ቦታ።

ካስገባችሁ በኋላ ከመጀመሪያው ጉዞ መልስ ቶርኩን እንደገና ፈትሹት። በዓመት አንድ ጊዜ መሪ ላይ ያሉትን አውጥታችሁ ጥርሳቸውን ጠርጉ፣ በጥሩ ብርሃን ከራሱ ሥር ስንጥቅ ፈልጉ፣ ከአዲስ ብሎን ጎን አስቀምጣችሁ ርዝመቱን አስተያዩ። አንዱ ትንሽ እንኳ ከረዘመ ተለጥጧል። እሱን ብቻ ሳይሆን አብረውት የነበሩትን ሁሉ ቀይሯቸው፤ የተሸከሙት ጭነት አንድ ነው።